ሩፈይዳ ወርቋን ሸጣ የገዛችው ባጃጅ

ሩፈይዳ በጋብቻዋ የተሰጣትን የመህር ወርቋን ስትሸጥ ያስገደዳት ሰው አልነበረም። ዛሬም ዘመዶቿ ነገሩን አንስተው ባሏ ኢርፋን ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ ቶሎ ታቋርጣቸዋለች። «ወርቁ የኔ ነው፤ የሸጥኩትም እኔ ነኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያንን ወሬ የሚቀጥል የለም።

ጊዜው 2013 ዓ.ም፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ሩፈይዳ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጅማ ውስጥ፣ ከመርካቶ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የቡና መልቀሚያ ቤት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ሠርታለች። ጆንያ ዘርግታ ትቀመጥና ጥቁሩን፣ ስንጥቁንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። እሷ የለቀመችውን ቡና ተቆጣጣሪው ድጋሚ አያየውም ነበር። ኢርፋን ደግሞ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ከጊንጆ መርካቶ፣ ከመርካቶ አወቱ መንደራ ሲመላለስ ይውልና የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ አስረክቦ በተረፈችው ወደ ቤቱ ይገባል። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ጠዋት ሩፈይዳ በኒካሏ ቀን የተቀበለቻቸውን ስድስት አምባሮች ከሳጥን አውጥታ ፍራሹ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ሰባት ዓመት የሰው ንብረት ስትንከባከብ ኖርክ» አለችው። «በዚህ የራሳችንን እንግዛ።»

ኢርፋን አምባሮቹን አልነካቸውም። «ይሄ ያንቺ ሐቅ ነው። እጄን አልሰድበትም።»

«እጅህን ስደድበት አላልኩህም። መሪውን ያዝ ነው ያልኩህ።»

የሰሙት እናቷ ዙህራ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። እሳቸው የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ በምትባል የቡና ከተማ ዳር ነው፤ ባላቸው ትተውላቸው የሞቱ፣ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ቡና አለቻቸው። በገበያ ቀን መጥተው እንዲህ አሏት፤

«ወርቅ ሳር አይበላም፣ ጎማ አይለወጥለትም። ክፉ ቀን እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። ብረት ግን ከተገዛ ቀን ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው።»

«አዮ፣ ሳጥን ውስጥ የተኛ ወርቅስ ማንን ያሳድጋል?» አለች ሩፈይዳ። እናቷን እንዳካባቢው ኦሮምኛ «አዮ» ነው የምትላቸው።

በሰሜን ጦርነት የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ወርቅ ቤት ስትገባ ሬዲዮው የሚያወራው እሱኑ ነው። ወርቅ ሠሪው አምባሮቹን መዝኖ ሒሳቡን ከመንገሩ በፊት ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ሰው በጦርነት ጊዜ ወርቅ ይገዛል እንጂ አይሸጥም» አላት። «ብታስቢበት ይሻላል።»

የነጋዴ ወሬ መሰላት። ከጅማ እስከ ጦርነቱ ስንት ቀን ያስኬዳል? ብሩን ተቀበለች፤ ዕቁብም ደርሷት ስለነበር እሱን ጨመረችበትና ሰማያዊ ባጃጅ ተገዛ።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፤ አይካድም። የሚያስረክቡት ገቢ ቀረ፣ የቤት ኪራይ በጊዜው ተከፈለ፣ ልጃቸው ሳቢሪን አንደኛ ክፍል ገባች። ኢርፋን ማለዳ ማለዳ ባጃጁን ሲያጥብ ሩፈይዳ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። በሕይወቷ የመረጠችው ነገር እንዲህ ዓይኗ ፊት ቆሞ ሲያብረቀርቅ ያየችው ያኔ ብቻ ነበር።

በ2014 ዓ.ም የካቲት ውስጥ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሳ። መልቀሚያ ቤቱ ውስጥ ወሬውን ያመጣው የዓለምን ገበያ በስልኩ የሚከታተለው ተቆጣጣሪ ነው። ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ «የት አገር ነው እሱ?» አለች። «ሩቅ ነው» አላት። «ስንዴውም ነዳጁም ከዚያ ስለሚወጣ ግን ቅርብ ነው በይው።» ሴቶቹ ሳቁ። ሩፈይዳም ሳቀች።

ክረምቱ ሲገባ የሚስቅ አልነበረም። መጀመሪያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ዱቄቱ፣ ከዚያ ነዳጁ ጨመረ። በሃያዎቹ ብር የቀዱት ቤንዚን አርባውን አለፈ፤ ደግሞም ማቆሚያው ያ አልነበረም። ከዋጋው የባሰው መጥፋቱ ነው። ማደያው በር ላይ የባጃጅ ሰልፍ አስፋልቱን ተከትሎ እስከ ታች ይዘረጋል። ኢርፋን አንድ ቀን ለመሥራት ሁለት ቀን ይሰለፋል። ዶላር ጠፋ ተብሎ ጎማውም ካንዴላውም ዋጋው ተሰቀለ። የተሳፋሪው ታሪፍ ግን ባለበት ነው፤ ጭማሪ ሲጠይቅ ሰው ይቆጣዋል። ሰውስ ምን ያድርግ? የሰውም ኪስ ያው ነው።

ወርቁ ደግሞ በየወሩ ይጨምር ነበር። ሩፈይዳ አንድ ቀን በወርቅ ቤቱ በኩል ስታልፍ የግራሙን ዋጋ ሰው ሲነጋገር ሰማችና ቆም አለች። ከሸጠችበት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ አላለፈችም፤ ቢረዝምባትም ዞራ ትሄድ ጀመር።

«ወርቅ ስንት ገባ ይባላል?» አላት ኢርፋን እራት ላይ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«አልጠየቅኩም» አለችው።

የቤንዚኑ ንግድ የተጀመረው እንዲህ ነው። ኢርፋን አንድ ቀን ተሰልፎ ሞልቶ ሲወጣ የሞተር ሳይክል ነጂ ተለማምጦት አንዲት ሃይላንድ ቀዳለት። ሰውየው የከፈለው ከማደያው ሁለት እጥፍ ነበር። ባጃጅ እየነዳ ሦስት ቀን የሚለፋበትን፣ ቆሞ በመቅዳት ብቻ በአንድ ከሰዓት እንደሚያገኘው ኢርፋን ገባው። ይሄንኑ ለሩፈይዳ ነገራት። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ከየሻይ ቤቱ ባዶ ሃይላንድ ለቅማ መጣች፤ አጥባም ግድግዳው ሥር ደርድራ አደረቀቻቸው። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። ሃይላንዱ ጀሪካን ሆነ፤ አንዱ ጀሪካን ሦስት ሆነ። ባጃጁ መንገድ ላይ መታየቱን እየተወ ሄደ። ተሰልፎ ይቀዳል፣ ቤት ገብቶ በላስቲክ ቱቦ ይገለበጣል፣ ተመልሶ ይሰለፋል።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ባላቸው ደበበ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከመሐል አገር ወደ ጅማ ሲዛወሩ አብረው መጥተው የቀሩ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለቻቸው፤ በአንዷ ይኖራሉ፣ አንዷን አከራይተው ይተዳደራሉ። ሳቢሪን ከትምህርት ቤት ስትመለስም፣ ቅዳሜም ፊደል የምታጠናው እሳቸው ዘንድ ነው።

አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠሯት። «ሩፈይዳ፣ ልጄ፣ ቤቴ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል።»

«ጥቂት ነው እትዬ። ነገ ይወጣል።»

«ነገ ይወጣል ያልሽኝ ባለፈው ሳምንት ነው።»

ሩፈይዳ አፍራ ወደ ውስጥ ገባች። ለኢርፋን ስትነግረው እሱም ያሰበበት መልስ ነበረው። «በሚቀጥለው ወር ዋጋው ይጨመራል እየተባለ ነው። ይሄን ሦስቱን ሁለት ሳምንት ብቻ እንያዘው። ሌላው በቆሎ ያከማቻል፣ ሌላው ዶላር ያከማቻል። እኛ ያለን ይሄ ነው።»

ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች። ነገር ግን የወርቁ ዋጋ አእምሮዋ ውስጥ ነበር፤ የጎደለውን መሙላት ፈለገች። «እስከ ወሩ መጨረሻ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ጠብታ እዚህ ግቢ አትገባም።»

ወሩ አላለቀም። በ2015 መጋቢት ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሩፈይዳ ለእራት ባቄላ ልትቀቅል ግቢው ጫፍ ላይ ከሰል አቀጣጠለች። ሩቅ ነው ብላ ነው፤ አሥር እርምጃ ያህል ነበር። ኢርፋን ከጓሮ፣ ጀሪካኖቹ ካሉበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሆኖ ቤንዚን ወደ ሃይላንድ ይገለብጣል። ነፋስ መጣ። እሳቱ ሲነሳ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች፤ ዞር ስትል ዳሱ የለም፣ ብርሃን ብቻ ነው የነበረው።

ኢርፋን መሸሽ ይችል ነበር። እሱ ግን ያልተቃጠለውን ጀሪካን ከእትዬ ጥሩወርቅ ግድግዳ ሊያርቅ ተመልሶ ገባ። እየጎተተው ሳለ ክንዶቹ በእሳት ተያያዙ። ሩፈይዳ የታጠበ ብርድ ልብስ ከገመድ ላይ መንጥቃ ጠመጠመችበት። ከዚያ በኋላ ነው ሳቢሪን የት እንዳለች ትዝ ያላት። ወደ ጎረቤቷ በር ሮጠች። በዚያ ጭስ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ልጅቱን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጎንበስ ብለው በመንገዱ በር ሲወጡ አየቻቸው።

የሰፈሩ ሰው አፈርም ውሃም እየደፋ እሳቱን አጠፋው። ተከራዩ ሥራ ላይ ነበር፤ ሰው አልሞተም። ነገር ግን የእትዬ ጥሩወርቅ ማዕድ ቤትና የሚከራየው ክፍል ተቃጥሎ አለቀ፤ ከሚኖሩባትም ክፍል የጣሪያዋ ግማሽ ወረደ። ነፋሱ ወደዚያ ይነፍስ ስለነበር፣ እነሩፈይዳ የተከራዩትን ቤትና መንገድ ዳር የቆመውን ባጃጅ እሳቱ አልነካቸውም።

ኢርፋን ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ጥሩወርቅ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ሩፈይዳ ከአልጋው ሥር ተነስታ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

«እትዬ፣ በምን ዓይኔ ልይዎት?»

«ቀና በይ» አሏት። «ልጅሽ ደህና ናት፣ እኔም ቆሜያለሁ። የቀረውን እሱ ሲሻለው እንነጋገራለን። አሁን ይጠጣ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ካሳውን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት የኢርፋን የአጎት ልጅ ሰሚር ሩፈይዳን ለብቻዋ ወሰዳት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቤተሰቡ ነገር አሳስቦት ነው። «መብራት ነው ያቃጠለው በሉ» አላት። «ሽቦው ያረጀ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። ባጃጁን በእኔ ስም እናዙረው። እሱን ካጣችሁ ምን ቀራችሁ?»

ሩፈይዳ ያን ሌሊት እንዳልተኛች አትደብቅም። ሰሚር ያለው እውነት ነበር፤ ምንም አይቀራቸውም። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሰፈሩ ዋርካ ሥር ሲቀመጡ ማንም ሳይጠይቃት ተነሳች።

«ቤንዚኑ የኛ ነው» አለች። «ሃይላንዱን ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ ከሰሉን ያቀጣጠልኩም እኔ። እትዬ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ባጃጁ ተሽጦ ቤታቸው ይሠራ።»

ሽማግሌዎቹ ቃሏን ተቀበሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ፣ «በጭቃ ይበቃኛል፤ ብሎኬት እንዳትሉ» አሉ።

የሚገርመው፣ ሁለት ዓመት የተነዳው ባጃጅ ከተገዛበት በላይ አወጣ። ዶላር በመጥፋቱ አዲስ እንደ ልብ አይገባም፤ ያለው ተወዶ ነበር። ነገር ግን ቆርቆሮውም፣ ምስማሩም፣ የግንበኛው ዋጋም አብሮ ተወዶ ጠበቃቸው። ቤቱ ቆመ፤ ሦስት ወር ያጡት ኪራይም ተከፈለ። የተረፈው የኢርፋንን መድኃኒት ሸፍኖ አለቀ። ስድስቱ አምባሮች በመጨረሻ የሰው ቤት ግድግዳ ሆኑ።

ያኔ ነው ሩፈይዳ የቡ ወዳለችው የእናቷ ቡና ያቀናችው። አባቷ የተከሏቸው ዛፎች አርጅተው ቁመታቸው ረዝሞ፣ ፍሬያቸው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለቃሚ ናትና መሬት የወደቀውን ፍሬ አንስታ ስትፈለፍለው አወቀችው፤ ዘሩ ጥሩ ነው፣ ያረጀው ግንዱ ነው። የግብርና ባለሙያው ለዓመታት ዛፎቹ ከጉልበት በታች ይቆረጡ፣ ይጎንደሉ፣ አዲስ ያቆጠቁጣሉ ሲል እናቷ እንቢ ብለው ኖረዋል።

«አዮ፣ እንቁረጣቸው» አለቻቸው።

«አባትሽ የተከለውን?»

«እሱ የተከለው ሥሩ ነው። ሥሩን አልነካም።»

«እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ማን ያበላናል?»

«በመሃሉ በቆሎና ባቄላ እንዘራለን። እኔም ለቀማዬን አልተውም። አዮ፣ ያጣሁትን ሁሉ ያጣሁት ቶሎ እንዲደርስልኝ ስል ነው።»

እናቷ ወደ ዛፎቹ ሄደው ግንዳቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ማል ጎና» አሉ በመጨረሻ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ከቤቱ አጠገብ ያሉት አራቱ ዛፎች እንዳይነኩባቸው ብቻ ለመኑ፤ አልተነኩም። የቀሩትን ጎረቤታቸው ገላና መጋዙን ይዞ በሁለት ቀን ጨረሳቸው። ማሳው ጉቶ ብቻ ሆኖ ሲቀር አሮጊቷ ለሳምንት ያህል በዚያ በኩል ያለውን መስኮት አልከፈቱም።

ሦስቱ ዓመት እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ማዳበሪያው ራሱ በሩቁ ጦርነት ሰበብ ተወዶ ስለነበር ከመፈልፈያ ቤት የቡና ገለባ እየተሸከሙ አበስብሰው ለጉቶዎቹ ሰጡ። የኢርፋን ክንድ ዳነ፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም፣ የቀኙም መዳፍ የባጃጅ እጀታ ጨምድዶ መያዝ አይችልም። በመጀመሪያው ክረምት ሰው ሳያየው መቆፈር ይለማመድ ነበር። ዶማው ከእጁ ሲያመልጥ ያነሳዋል፤ እንደገና ያመልጠዋል። ሩፈይዳ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። አንድ ቀን ባቄላ ሲያርሙ ቀጥ አለና፣

«ለወርቅሽ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«ወርቁን ተወው» አለችው። «እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ልጄ እዚያ ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ ስታጠና እኔ ሃይላንድ እደረድር ነበር። ሁለታችንም አላህን አውፍ በለን እንበለው።»

ሁለቱም ወደ አረማቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ኢርፋን ሰው እያየውም መቆፈር ጀመረ።

በ2017 ዓ.ም፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ ማሳው አንድ ጠዋት ነጭ ሆኖ ነጋ። እናቷ ምርኩዛቸውን ይዘው በመደዳዎቹ መካከል ሄዱ፤ ያቆጠቆጠውን አዲስ ቅርንጫፍ እየዳበሱ፣ አበባው እንዳይረግፍ እየተጠነቀቁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፍሬውን ግን አላዩትም። ሰኔ ላይ፣ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በሦስት ቀን ሕመም አረፉ።

በዚያው ሳምንት መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ሚሳኤል ይወራወራሉ ተብሎ ነበር። ከጅማ ለቀብር የመጣው ሰው በሚኒባሱ ውስጥ ታሪፍ ተጨምሮበት ሲጨቃጨቅ ነው የደረሰው። እትዬ ጥሩወርቅም በዚያው መኪና መጡ፤ ከፊት ተቀምጠው፣ ጨቅጫቂዎቹን «ለቅሶ ነው የምንሄደው» ብለው ዝም እንዳሰኟቸው ኋላ ተሰማ። ሩፈይዳ እሳቸውን ስታይ ነው ያለቀሰችው።

በ2018 ጥቅምት ቡናው ቀላ። የዘንድሮን ያህል የእሸት ቡና ዋጋ በየቡ የሚያስታውስ ሰው የለም። ገዢዎች አጥር ድረስ ይመጡ ነበር። ገላናም ሌላውም ጎረቤት፣ «አድርቀሽ ያዢው፤ ገና ይጨምራል» አሏት። ኢርፋን ውሳኔውን ለሷ ተወላት።

ሩፈይዳ አንድ ሙሉ ቀን አሰበችበት። ወርቁ እንደሚጨምር አላወቀችም ነበር፤ ቤንዚኑ እንደሚጨምር ግን ታውቅ ነበር። ሁለቱም አልጠቀሟት። ከግማሽ የሚበልጠውን በእሸቱ ሸጠች፤ የሳቢሪን ትምህርት፣ የዓመት ቀለብና ለእናቷ ነፍስ የሚወጣው ሶደቃ በዚያ ተሸፈነ። የቀረውን በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቃ እስከ ጥር ያዘችውና እሱንም ሸጠች። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወጥቶ ይሁን ወርዶ፣ ማንንም አልጠየቀችም።

አሁን የሚኖሩት የቡ ነው። በለቀማ ወራት ሩፈይዳ በሳምንት ሦስት ቀን ጅማ ትወርዳለች፤ እዚያው መልቀሚያ ቤት ዛሬ አንጋፋዋ እሷ ናት። ወጣቶቹ ለቃሚዎች ያጠራቀሟትን ይዘው ምን እናድርግበት እያሉ ይጠይቋታል። አንዷ ወርቅ ትላለች፣ አንዷ የባንክ አክሲዮን፣ ሌላዋ በቻርጅ የሚሄደው ባጃጅ መጥቷል ትላለች። ሩፈይዳ ይሄን ግዙ ብላ አታውቅም። የምትነግራቸው ስለዚያ ቅዳሜ ነው፤ ከሰሉ አሥር እርምጃ ርቆ እንደነበረ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ሳቢሪንን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው እንዴት እንደወጡ። ስትጨርስ ሁሉም ወደ ጆንያው ያጎነብሳል።